ቀንዳም ባልና የወፍጮ እንጉርጉሮ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ዘፈን በወረቀት ታትሞ በአንድ ፔኒ ይሸጥ ነበር። ሥዕል አለው፣ ግጥም አለው፣ በየትኛው የታወቀ ዜማ እንደሚዘፈንም ተጽፎበታል። ሻጩ መንገድ ላይ ቆሞ እየዘፈነ ይሸጠዋል። ገበያ ከነበራቸው ወሬዎች አንዱ ሚስቱ የወሰለተችበት ባል ነው፤ ራሱ ላይ ቀንድ በቅሎ ይሳላል፣ ሰፈሩም ይስቅበታል። የባሕር ኃይሉ ሹም ሳሙኤል ፒፕስ ያከማቸው ከ1,800 በላይ የዘፈን ወረቀት ዛሬም ካምብሪጅ አለ።

ቀንዱ ለምን ይህን ያህል አሳቀ? አንዱ ምክንያት መውጫ መጥፋቱ ይመስለኛል። እስከ 1857 እ.ኤ.አ. ድረስ ተራው እንግሊዛዊ ፈትቶ ሌላ የሚያገባበት ፍርድ ቤት አልነበረውም። በፓርላማ አዋጅ መፋታት የሚችለው ገንዘብ ያለው ብቻ ነበር።

እስቲ ወደ ሰቆጣ እንምጣ። በሰሜኑ ደጋ የማይፈታው የቁርባን ጋብቻ በአብዛኛው የካህናትና የአረጋውያን ነበር። ሌላው በሰማንያ ይጋባል፤ ካልሆነ ሽማግሌ ይቀመጥና ንብረት ተካፍሎ ይለያያል። ሴቷም ጥላ መሄድ ትችላለች። ታዲያ የሚያንገበግበው ጥያቄ «ማን ተታለለ?» ሳይሆን «ልሂድ ወይስ ልቆይ?» ነው።

ይሄ ጥያቄ የት ይዘፈናል? ነሐሴ 16 የሚጀምረው የዋግ ኽምራ ሻደይ በዋናነት የልጃገረዶች ነው። ለምለሙን ሻደይ ወገባቸው ላይ አስረው፣ አንዷ እያወጣች ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ ጎረምሳውን ያሞግሳሉ፣ ይተርባሉ። ያገባችው ግን የብሶቷ ቦታ ወፍጮ ነው። ሌሊት ተነስታ እህል እየፈጨች ታንጎራጉራለች። አማቷ ሰሙን ትሰማለች፤ ወርቁ የባሏ ውሽማ ወይም የራሷ የልብ ሰው ሊሆን ይችላል።

የለንደኑ ወረቀት ለገበያ የታተመ ነው፤ ሚስት «እኔ» እያለች ስትናገርበት እንኳ ቃሉን ብዙ ጊዜ የጻፈላት ወንድ ነው። የወፍጮው ግጥም የሴቷ የራሷ ነው፣ ግን ባክአፕ የለውም። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ወገቧ አረፈ፤ እሰየው! የምታንጎራጉርበት ሰዓት ግን አብሮ ሄደ።

በድንጋይ ወፍጮ የፈጩ እናቶች ዛሬም አሉ። በአማርኛም በኽምጣናም ያንጎራጎሩትን ያስታውሳሉ። በየኪሳችን መቅረጫ ስልክ አለ። ፒፕስ ሳንቲም ከፍሎ ነበር የሰበሰበው፤ እኛን የሚያስፈልገን ቡና ተፈልቶ «እማማ፣ ያኔ ምን ትሉ ነበር?» ማለት ነው።