«ኪስህን ጠብቅ!»

ወደ መርካቶ ለሚሄድ እንግዳ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኪስህን ጠብቅ!» ከክፍለ ሀገር የመጣው ዘመድም፣ ከባሕር ማዶ የገባው ጎብኚም፣ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው የቦሌ ልጅም ይህችን ስንቅ ቋጥሮ ነው አንዋር መስጊድ አጠገብ ከታክሲ የሚወርደው። በሰላም ገብቶ ከወጣም የሚያወራው ስላየው ገበያ ሳይሆን ስላልተነካው ኪሱ ነው።

በባዕድ ዓይን መናቅ ለመርካቶ አዲስ አይደለም፤ አብሯት የተወለደ ዕጣ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ሲይዝ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወራሪው ነጭና ጥቁር ተለያይተው እንዲኖሩ ዐቀደና አራዳን ለራሱ አስቀርቶ «የአገሬው ገበያ» ያለውን ወደ ምዕራብ ገፋው። ለነጩ ፒያሳ፣ ለሐበሻው መርካቶ። ስሙ በቋንቋቸው «ገበያ» ከማለት አያልፍም፤ ሐሳቡ ግን «ከዓይናችን ይራቁልን» ነበር። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ገበያው እዚያው ጸንቶ ቀረ። ናቂው ሄደ፤ ንቀቱ ግን ወራሽ አላጣም።

ሌባ የለም ብሎ መከራከር አይቻልም። ያን ያህል ሕዝብ በሚተፋፈግበት ሥፍራ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ በረንዳ አዳሪውን ሕፃን የሚገፋው ረኀብም አለ። ነገር ግን መርካቶ የቆመችው በምን እንደሆነ ልብ እንበል። የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ በቃሉ ብቻ ዕቃ በዱቤ ጭኖ ይሄዳል። ዕቁብ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከወሰደ በኋላም እስከ መጨረሻው ዙር ይጥላል። የዚህ ሁሉ ዋሱ ስም ነው፤ ስሙ የጠፋ ነጋዴ ሱቁም ይዘጋል። እንግዲህ ስሙን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ሰው፣ ስሟ በጠፋ ሰፈር ውስጥ ይውላል ማለት ነው።

ሸክም ተሸክሞ፣ ጫማ ጠርጎ የጀመረው የጉራጌ ልጅ በዕቁብ ሱቅ የከፈተው እዚህ ነው። በ1950ዎቹም የአዲስ አበባ የጉራጌ ነጋዴዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ገንዘብ እያዋጡ ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ አሠርተዋል። «ኪስህን ጠብቅ» በሚባልበት ሰፈር፣ ኪሱን ፈትቶ ለወገኑ መንገድ ያወጣ ሰው ነበር። ይህን ለእንግዳው የሚነግረው ግን ማነው?

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የአንዋር ሰጋጅ ከመስጊዱ ቅጥር ተርፎ መንገዱን ይሞላዋል። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም ከዚያው አይርቅም፤ አዛኑና ደወሉ ሲደማመጡ ኖረዋል። ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያ «የሌባ ሰፈር» አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ተሰልፎ ግንባሩን ከመሬት ያገናኛል። በዚያች ሰዓት ኪሱን የሚጠብቅ ማንም የለም።