ስለ ልጓም፤ ከፈረስ ወደ ሞተር

የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ በሚውልበት በጥር 23 ቀን፣ ከዳንግላ፣ ከባንጃ፣ ከአንከሻና ከዚገም የመጡ ፈረሰኞች በእንጅባራ ሜዳ በሚሰለፉበት ጊዜ፣ የተመልካቹ ዓይን ሁሉ ወደ ግልቢያው ቢሳብም፣ ጥበቡን ለሚያውቅ ሰው እጅግ የሚደነቀው ከግልቢያው በፊት ያለችው አጭር ቅጽበት ናት። ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ፣ ልጓሙን እያላመጠ አረፋ ይደፍቃል፤ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ በታች ሰብስቦ መሬቱን ይጭራል፤ ፈረሰኛውም በእግሩ ጎኑን እየነካ ሂድ ይለዋል፣ ዛቡን በያዘው እጁ ደግሞ ቆይ ይለዋል። በእነዚህ በሁለቱ ትእዛዛት መካከል የተከማቸው ኃይል፣ እጁ በላላ ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይፈስሳል።

ይህ ሥርዓት በማኅበር የጸናው አገራችን ገና በጠላት ወረራ ሥር ሳለች፣ በ1932 ዓ.ም. ነው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርን ያቆሙት አባቶች የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከአርበኛው ጋር የዘመተውን ፈረስ ውለታ ትውልድ እንዳይዘነጋው አስበው ነበርና፣ ማኅበሩ እስከ ዛሬ ድረስ በዓሉን በየዓመቱ ያከብራል።

በዚያ ዘመን በዳንግላ ዙሪያ የጉዞ ሁሉ መለኪያ የከብት እግር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ባመጣላቸው አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ቢሄዱም፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ግን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ የመረመረው ከበቅሎዎቹ ጋር ነው። በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ተከትሎ ከሱዳን ወደ ጎጃም የገባው ጦር እንኳ ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው በግመል ሲሆን፣ ወደ 15,000 ከሚደርሱት ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል። ከነጻነት በኋላ ነው የጭነት መኪና የከብቱን ሸክም እያደር የተረከበው፤ ከእነርሱም ሁሉ ሕዝቡ ኤንትሬ ብሎ የሰየመው የፊያት መኪና በአቀበቱም በጭቃውም ስሙን አስከበረ።

ሞተር ግን እንደ ፈረስ ሲደክም የሚያለከልክ ፍጥረት አይደለምና ልክ የሚያበጅለት ይሻል። በደቂቃ 7,000 ጊዜ በሚዞር ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ፒስተን በሴኮንድ ከ116 ጊዜ በላይ ይወጣል፣ ይወርዳልም፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን በቢየላው ላይ የሚያርፈው ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ወሰን የሌለው ሞተር ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ስለዚህ ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ፣ ዙሩ ሲበረታ ወደ ውጭ እየተገለጡ የእንፋሎቱን መንገድ የሚያጠብቡ ሁለት የብረት ኳሶችን ተከለ፤ የናፍጣ መኪናም በፖምፓው ውስጥ በዚሁ ምሥጢር የሚሠሩ ክብደቶች ስላሉት፣ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ቢረግጥ ሞተሩ ከተወሰነለት ዙር አያልፍም። ከዚያ በኋላ በአንዳንድ የቤንዚን መኪናዎች ውስጥ፣ እሳቱን ለካንዴላዎች በሚያከፋፍለው ተሽከርካሪ ላይ ዙሩ ሲበዛ የሚወጠር ትንሽ ስፕሪንግ ተደረገ፤ ወሰኑ ሲታለፍ እሳቱ ወደ ካንዴላው ሳይደርስ ይቀራል። ዛሬ ይህን ሥራ ዙሩን የሚቆጥር ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ስሙም ሪቭ ሊሚተር ነው።

ለእሽቅድምድም በተሻሻሉ መኪናዎች ላይ የሚገጠመው ላውንች ኮንትሮል በዚህ ልጓም ላይ ሁለተኛ ልጓም ይጨምራል። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፤ ነዳጅ መስጫውንም ሙሉ በሙሉ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ ግን ፍሪሲዮኑ እንደተረገጠ በማብሪያ ማጥፊያው ስለሚያውቅ፣ ሞተሩን ከከፍተኛው ወሰን ዝቅ ብሎ በተሰጠው ዙር ላይ፣ አንዱን እሳት እየከለከለ ሌላውን እየፈቀደ ያቆመዋል። መርፌው በአንድ ቍጥር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሳይቃጠል የወጣውም ቤንዚን በጭስ ማውጫው ውስጥ ሲነድድ እንደ ጥይት ይጮኻል። ቱርቦ ባለው መኪና ላይ እሳቱ ሆን ተብሎ ስለሚዘገይ፣ ትኩሱ ጭስ የቱርቦውን ክንፍ ያሽከረክርና መኪናው ከመነሣቱ በፊት አየሩን ያምቃል፤ ይህም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ባነሰ እንደ ዳንግላ ባለች ደጋ ይልቁን ይጠቅማል። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ የታችኛው ወሰን ይነሣል፣ ኃይሉም ሁሉ ወደ ጎማው ይወርዳል።

መሣሪያው ያለ ዋጋ የሚያገለግል አይደለም፤ ሳይቃጠል የወጣው ነዳጅ ቱርቦውንና የጭስ ማጣሪያውን ያቃጥላል፣ ፍሪሲዮኑንም ይበላል። በፎርሙላ ዋን ውድድርም ሥራው የሾፌሩ እንጂ የኮምፒውተሩ መሆን የለበትም ተብሎ እ.ኤ.አ. ለ1994 የውድድር ዓመት ከተከለከለ በኋላ፣ በ2001 ተፈቅዶ፣ ከ2004 ጀምሮ ዳግመኛ ታግዷል። ፈረሰኞቹ ግልቢያቸውን ከገበያ መንገድ ለይተው በሜዳ እንዳደረጉት ሁሉ፣ ይህም ኃይል ሕፃናትና ባጃጅ ከሚተላለፉበት አደባባይ ሊለይ ይገባዋል።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ፣ በፈረስ አፍ የሚገባው ትንሹ ልጓም መላ ሰውነቱን እንደሚመራ ያስተምራል፤ በእኔም አስተያየት የኃይል ክብር በመጠኑ ነው። እንግዲህ በዳንግላ ጋራዥ ይህን ጥበብ ለመማር የሚተጋ ወጣት ቢኖር፣ በጥር 23 ቀን ወደ እንጅባራ ወጥቶ የአንድን አረጋዊ ፈረሰኛ እጅ አስተውሎ እንዲመለከት እመክረዋለሁ፤ ዛቡን ድንገት አይጥለውም፣ የፈረሱን ትንፋሽ እየተከተለ ጣት በጣት ያላላዋል እንጂ፤ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ የለቀቀ ሾፌር ጎማው ባለበት ሲሽከረከር እንደሚቀር፣ ዛቡን ያለ ጊዜው የጣለ ፈረሰኛም ፈረሱ ከእጁ ያመልጣል።