በቴሌግራም የገባችው ግዛት

በ1864 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ማገባደጃ ላይ፣ ካርሰን ሲቲ በምትባል የበረሃ ከተማ አንድ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሙሉ ሕገ መንግሥት በነጥብና በሰረዝ መምታት ጀመረ። ሕገ መንግሥቱ 16,543 ቃላት ነበሩት። ከካርሰን ሲቲ ዋሽንግተን በቀጥታ የሚደርስ መስመር ስላልነበረ፣ መልእክቱ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ በጽሑፍ ወርዶ እንደገና ተመታ፤ ቺካጎም ፊላዴልፊያም ላይ እንዲሁ። ዋሽንግተን ከጦር ሚኒስቴሩ ቴሌግራፍ ቤት እስኪገባ ሁለት ቀን ያህል ፈጀ። ሒሳቡ ሲሠራ 4,303 ዶላር ከ27 ሳንቲም ሆነ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ይህን ያህል የረዘመ ቴሌግራም ተልኮ አያውቅም ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥድፊያው ምክንያት ነበረው። ቀደም ብሎ በየብስም በባሕርም በፖስታ የተላኩት ቅጂዎች የውኃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል፤ አብርሃም ሊንከን ደግሞ ኖቬምበር 8 ለዳግም ምርጫ ይቀርባሉ። ሕገ መንግሥቷ ደርሶ ኔቫዳ በኦክቶበር 31፣ ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ 36ኛዋ የአሜሪካ ግዛት ሆና ታወጀች። በ1860ው የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው ነዋሪዋ 6,857 ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማዕድን ፈላጊው ጎርፍ ቁጥሩን ቢያንረውም፣ በልማድ ለአንድ ግዛት ይጠበቅ ከነበረው 60 ሺህ ሰው ገና ሩቅ ነበረች።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሊንከን ግዛቲቱን የፈለጓት ለብሯ ነው፣ ለእርስ በርስ ጦርነቱ ወጪ እንድትሆናቸው ነው እየተባለ ነው። ይህ ግን አያስኬድም። ብሩ ኔቫዳ ግዛት ሳትሆንም ወደ ሰሜኖቹ ይፈስ ነበር። የታሰበው ድምፅ ነው፤ ለፕሬዚዳንቱ ምርጫ ሦስት መራጮች፣ ለምክር ቤቶቹ ሁለት ሴናተሮችና አንድ ተወካይ። ሊንከን 212 ለ21 አሸንፈው የኔቫዳ ድምፅ ሳያስፈልጋቸው ቀረ፤ እንዲያውም ከሦስቱ መራጮች አንዱ ድምፁን ሳይሰጥ ቀርቷል። ተወካዩ ግን ዋጋ ነበረው። በጃንዋሪ 31፣ 1865 ባርነትን የሚያጠፋው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት 119 ለ56 ሲያልፍ፣ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ የተረፉት ድምፆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይነፈግ የሚደነግገውን 15ኛውን ማሻሻያ ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችውም ኔቫዳ ናት። በችኮላ ለገባች ግዛት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስፋቷ 286 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ ሩብ እንደ ማለት። በምዕራብ በኩል የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ከውቅያኖስ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚያስቀሩባት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ደረቋ ናት። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ከ300 የሚበልጡ የተራራ ሰንሰለቶችና በመካከላቸው የተኙ ሜዳዎች ሞልተዋታል። አብዛኞቹ ወንዞቿ ባሕር አያውቁም። አዋሽ አፋር ውስጥ እንደሚቀር ሁሉ፣ የሐምቦልት ወንዝም መንገዱን ሁሉ ተጉዞ በረሃው ውስጥ ይሰርጋል። ከመሬቷ 80 ከመቶ ያህሉ ዛሬም የፌዴራሉ መንግሥት ነው።

የፌዴራል ነው የሚለውን የማይቀበሉ አሉ። የምድሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ምዕራብ ሾሾኒዎች በ1863 በሩቢ ቫሊ ከመንግሥት ጋር ውል ሲፈራረሙ፣ ነጮች በምድራቸው እንዲያልፉ፣ ማዕድን እንዲቆፍሩና የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጉ ፈቀዱ እንጂ መሬቱን አልሸጡም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መንግሥት 26 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተመነላቸው። አንቀበልም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985፣ ገንዘቡ በስማቸው ግምጃ ቤት ከገባ እንደተከፈላቸው ይቆጠራል ሲል ፈረደ። ያልተቀበሉት ገንዘብ እንደ ክፍያ ተቆጠረባቸው ማለት ነው።

ነጮቹን በገፍ ያመጣው በ1859 የተገኘው ብር ነው። ፒተር ኦራይሊና ፓትሪክ ማክላፍሊን የተባሉ አየርላንዳውያን ዛሬ ቨርጂኒያ ሲቲ ካለችበት ተራራ ላይ ወርቅ እያጠቡ ሳለ፣ ከባድ ሰማያዊ ጭቃ መሣሪያቸው ላይ እየተጣበቀ አስቸገራቸው። እየረገሙ ይጥሉት ነበር። ጭቃው ካሊፎርኒያ ተወስዶ ሲመረመር በቶን ከ3,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ብር ተገኘበት። ሄንሪ ኮምስቶክ የሚባል አፈ ጮሌ ቦታው የኔ ነው ብሎ ተከራክሮ ድርሻ አገኘ፣ ሥፍራውም በስሙ ኮምስቶክ ተባለ። ድርሻውን ወዲያው በአሥር ሺህ ዶላር ገደማ ሸጠው፤ በ1870 ሞንታና ውስጥ ባዶ እጁን ሆኖ ራሱን አጠፋ። ከዚያ ተራራ በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ የወጣው ብርና ወርቅ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ማዕድኑን ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ማውጣት ሌላ። ድንጋዩ ልል ስለነበር ዋሻው እየተደረመሰ ሰው ይጨርስ ነበር። በ1860 ፊሊፕ ዳይደስሃይመር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ወፍራም ግንዶችን እንደ ሣጥን እያጋጠመ፣ ሣጥን በሣጥን ላይ በመደርደር ባዶውን መሙላት የሚቻልበትን ዘዴ ፈጠረ። ዘዴው በዓለም ማዕድን ማውጫዎች ሁሉ ተሠራበት፤ እርሱ ግን የፈጠራ መብቱን እንኳ አላስመዘገበም። ዕዳውን የከፈለው በታሆ ሐይቅ ዙሪያ የነበረው ጥድ ነው፤ ደኑ ተጨፍጭፎ ምድር ውስጥ ገባ። ቁፋሮው በጠለቀ ቁጥር የፈላ ውኃ ይፈልቅ ጀመር፤ ሠራተኞቹ በረዶ እየተሰጣቸው ጥቂት ደቂቃ ሠርተው ጥቂት ያርፉ ነበር። በምላሹ ማኅበራቸው ታግሎ በቀን አራት ዶላር አስከበረላቸው፤ ለዘመኑ ወፍራም ደመወዝ ነው።

ከዚያ ዘመን ሁለት ነገሮች ለዓለም ተርፈዋል። ሳሙኤል ክሌመንስ የሚባል ወጣት ማዕድን ፍለጋው አልሳካ ሲለው በቨርጂኒያ ሲቲ ጋዜጣ ሪፖርተር ሆኖ ተቀጠረ፤ በፌብሩዋሪ 1863 ለመጀመሪያ ጊዜ ማርክ ትዌይን በሚል ስም የጻፈው እዚያ ነው። ሁለተኛው ሱሪ ነው። ጄኮብ ዴቪስ የተባለ የሪኖ ከተማ ልብስ ሰፊ፣ የሠራተኛ ሱሪ ኪስ እየተቀደደ ሲያስቸግር ማዕዘኖቹን በመዳብ ብሎን ያዘው። ፈጠራውን ለማስመዝገብ ገንዘብ ስላልነበረው ጨርቁን ከሚሸጥለት ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ተሻረከ፤ መብቱ በ1873 በሁለቱ ስም ተመዘገበ። ዛሬ ከመርካቶ እስከ ቶኪዮ የሚለበሰው ጅንስ ባለ ብሎን ኪስ የሆነው በዚያች ትንሽ ሱቅ ነው።

ገንዘቡስ? ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ባንኮቹ፣ የአክሲዮን ገበያውና የባለጠጎቹ ቪላዎች እዚያ ተሠሩ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የኔቫዳ መራጮች የመጀመሪያውን ረቂቅ ሕገ መንግሥት በ1864 መጀመሪያ ላይ የጣሉት ማዕድን ላይ ግብር ይጥላል ብለው ነው፤ በቴሌግራም የተላከው ሁለተኛው ማዕድኑን ተወት አድርጎ የተጣራ ትርፉን ብቻ እንዲገበር ደንግጓል። ከባለ ማዕድኖቹ ጋር ተስማምታ የተወለደች ግዛት ነበረች። በ1880 ከ62 ሺህ በላይ የነበረው ሕዝቧ፣ ብሩ ሲሟጠጥ በ1900 ወደ 42 ሺህ ወረደ። የግዛትነት ማዕረጓ ይገፈፍ የሚል ክርክር በሌሎች ግዛቶች ጋዜጦች እስከ መነሣት ደረሰ።

ከመሬቱ የሚወጣው ሲጠፋ ከሕጉ ማውጣት ጀመረች። በዚያ ዘመን በአብዛኞቹ ግዛቶች ፍቺ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ኔቫዳ ለስድስት ወር የኖረባት ሰው በፍርድ ቤቷ እንዲፋታ ትፈቅድ ነበር፤ በ1927 ወደ ሦስት ወር አወረደችው። ሌሎች ግዛቶች ገበያዋን ሊሻሟት ሲነሡ በ1931 ስድስት ሳምንት አደረገችው። አገረ ገዥው ፍሬድ ባልዛር ይህን ሕግ በፈረሙበት ቀን፣ ማርች 19፣ ቁማርን የሚፈቅደውንም ፈረሙ። የቁማሩን ረቂቅ ያቀረቡት የካዚኖ ባለቤት ሳይሆኑ ፊል ቶቢን የተባሉ ከሰሜን የመጡ ከብት አርቢ ናቸው። የዘመኑ የኢኮኖሚ ቀውስ የግዛቱን ካዝና አራቁቶት ነበር፤ ቁማሩም በየጓሮው ይካሄድ ስለነበር በሕግ ተፈቅዶ ግብር ይክፈል ተባለ። ፍቺ ፈላጊ ባለ ገንዘብ ሴቶች ከኒውዮርክ በባቡር እየመጡ በሪኖ አካባቢ እርሻዎች ስድስት ሳምንት እየተከራዩ፣ ፈረስ እየጋለቡ የፍርድ ቀናቸውን ይጠብቁ ነበር።

ላስ ቬጋስ በዚያ ጊዜ ምንም አልነበረችም። በሜይ 1905 የባቡር ኩባንያ በጨረታ የሸጠው ሜዳ ነበረች። ያነሣት ከ1931 ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ ዛሬ ሁቨር የሚባለው ግድብ ነው፤ 221 ሜትር ከፍታ ያለው። በሥራው ላይ ሞቱ ተብለው በይፋ የተመዘገቡት 96 ናቸው። ከሺዎቹ ሠራተኞች መካከል የተቀጠሩት ጥቁሮች በጣም ጥቂት ነበሩ። መንግሥት ለሠራተኞቹ ቦልደር ሲቲን ሲሠራ ቁማርን ከለከለ፤ የሚያስቀው ከተማዋ ዛሬም በቁማር ግዛት ውስጥ ሆና እንደከለከለች ናት። ሠራተኛው ደመወዙን ይዞ ላስ ቬጋስ ይሄድ ነበር።

የተቀረውን ብዙ ፊልም ስለተሠራበት አልፈዋለሁ፤ ወንበዴዎቹ በጥቁር ገንዘብ ሆቴል መሥራታቸውን፣ ኋላም ኩባንያዎች መተካታቸውን። ፊልሞቹ ብዙም የማይነግሩን፣ በእነዚያ ሆቴሎች መድረክ ላይ የሚዘፍነው ጥቁር አርቲስት በዚያው ሆቴል ማደር አለመቻሉን ነው። ነጭና ጥቁር እኩል የሚገባበት ሙላን ሩዥ ካዚኖ በሜይ 1955 ተከፍቶ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በማርች 1960 የጥርስ ሐኪሙና የጥቁሮች መብት ማኅበር ሊቀ መንበር ጄምስ ማክሚላን ሰልፍ እናደርጋለን ብለው ሲያስጠነቅቁ፣ ባለ ካዚኖዎቹ መለያየቱን ለማስቀረት ተስማሙ። ስምምነቱ የተደረገው በዚያው በተዘጋው ሙላን ሩዥ ነው።

መንግሥትም ከዚህች ግዛት የሚፈልገው ነገር ነበረው። ከላስ ቬጋስ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሾሾኒዎቹ አልሸጥንም በሚሉት ምድር፣ ከጃንዋሪ 1951 እስከ ሴፕቴምበር 1992 ድረስ 928 የኑክሌር ሙከራዎች ተካሂደዋል፤ 100ዎቹ በአየር ላይ። የንግድ ምክር ቤቱ የፍንዳታዎቹን ሰዓት ለጎብኚ ያስታውቅ ነበር፤ ሆቴሎቹም እንግዶቻቸውን ጣራ ላይ አውጥተው እያስጠጡ ያሳዩ ነበር። ነፋሱ ወደ ትልልቅ ከተሞች እንዳይነፍስ ይጠበቅ ነበር። ወደ ምሥራቅ ሲነፍስ የፍንዳታው አመድ ይወርድ የነበረው በዩታ ገጠሮች ላይ ነው። ኮንግረስ ለነዋሪዎቹ ካሳ የፈቀደው በ1990 ነው።

ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የኔቫዳ ሕዝብ ሦስት አራተኛው ያህል የሚኖረው ላስ ቬጋስ ባለችበት ክላርክ ካውንቲ ነው፤ ከነዚህም መካከል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ታክሲ የሚነዱ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድሉ፣ ምግብ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ያቋቋሙ። የግለሰብ ገቢ ግብር አለመኖሩ ከካሊፎርኒያ ብዙውን ስቧል። ካውንቲውም አንድ ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲጠራ ወስኗል። ታክሲ ነጂዎቹ ተራ የሚይዙበት አውሮፕላን ማረፊያ ከ2021 ጀምሮ በሴናተር ሃሪ ሪድ ስም ይጠራል።

ሪድ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነበሩ፤ ሰርችላይት በምትባል ትንሽ መንደር ቧንቧ በሌለው ቤት ያደጉ። በሰባዎቹ መጨረሻ የግዛቱን የቁማር ኮሚሽን መርተዋል፤ ከ2007 እስከ 2015 ደግሞ በሴኔቱ የአብላጫው መሪ ነበሩ። በ1987 ኮንግረስ የአገሪቱ የኑክሌር ቆሻሻ ሁሉ የሚቀበርበትን ቦታ ሲመርጥ ሌሎቹን እጩ ሥፍራዎች ትቶ ከሙከራ ጣቢያው አጠገብ ባለው ዩካ ተራራ ላይ ብቻ ጥናቱ እንዲቀጥል ወሰነ፤ ኔቫዳ ያን ጊዜ በምክር ቤቱ አቅም አልነበራትም። ሌላው የጠላውን ስትቀበል የኖረች ግዛት ይህን ግን አልቀበልም አለች። ሪድ ሥልጣን ሲይዙ በጀቱን ዓመት በዓመት እየሸረሸሩ አቆሙት፤ በኦባማ ዘመንም ሥራው ቆመ። ቆሻሻው እስከ ዛሬ በአገሪቱ ባሉ የኃይል ማመንጫዎች ግቢ ተቀምጦ ይገኛል፤ ተራራውን የመረጠው የ1987ቱ ሕግ ግን አልተሻረም።