«ደንበኛችን እሱ ነው»፦ የስልክ ኩባንያዎችና የእኛ ታሪክ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ተማሪዬ እናት ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። ስለ ልጃቸው ውጤት ሊጠይቁ መስሎኝ ደብተሬን አወጣሁ። እሳቸው ግን አዲስ ቀፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «መምህር፣ ቁጥሬ ሞተብኝ» አሉኝ። ስልካቸው ታክሲ ውስጥ ተሰርቋል። ቀፎ ገዝተው ያንኑ ቁጥር ሊያስወጡ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሲሄዱ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አይቶ ቁጥሩ የእሳቸው እንዳልሆነ ነገራቸው። ከሰባት ዓመት በፊት ካምፓላ ሲገቡ መታወቂያ ስላልነበራቸው ሲሙን በስሙ ያወጣላቸው የአገሬው ሰው፣ ጎረቤታቸው ነበር። ሰውየው ሰፈር ከቀየረ ቆይቷል፤ የት እንዳለ አያውቁም። መስመሩ ላይ ደግሞ ወንድማቸው ከዱባይ የላከው የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ።

«አልሰደበኝም፣ አላመናጨቀኝም» አሉኝ ስለ ሠራተኛው። «ሰባት ዓመት ካርድ የሞላሁት እኔ ነኝ ስለው ግን ‹ማዳም፣ ደንበኛችን እሱ ነው› አለኝ።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። በእኛ ቋንቋ ደንበኛ ማለት ገዢ ብቻ አይደለም። ደንበኛ ሰው፣ ደንበኛ ዕቃ ስንል ትክክለኛውን፣ የማያጠራጥረውን ማለታችን ነው። የከፈለው ሰው ደንበኛ ሳይሆን፣ ያልከፈለው ደንበኛ የሆነው እንዴት ነው? የታሪክ መምህር ነኝና መልሱን ከኋላ ጀምሬ ልፈልገው።

በመጀመሪያ አመልካች ነበርን። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። የተዘረጋው ለመንግሥት ሥራ ነው እንጂ እናት ልጇን «እንዴት አደርክ» እንድትልበት አልነበረም። ያ ጠባይ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። በንጉሡም፣ በደርግም፣ ከዚያም በኋላ የቤት ስልክ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ጽፎ ወረፋ ይጠብቃል። ኬንያና ኡጋንዳም ፖስታና ስልክን አንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር የሚያስተዳድረው። ያመለከተ ሰው ይለምናል እንጂ አይከራከርም።

ለስደተኛማ ማመልከቻውም አልነበረም። በ1990ዎቹ ዳዳብ ካምፕ የነበሩ ሶማሌ ወንድሞቻችን «ታር» በሚሉት የሬዲዮ መገናኛ ነበር ከዘመድ የሚነጋገሩት። ሰው ተጠርቶ ይመጣል፣ ተራውን ይጠብቃል፣ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ሰው እየሰማው ያወራል። በሐዋላ የተላከ ገንዘብም መድረሱ የሚነገረው በዚሁ ሬዲዮ ነበር።

ቀጥሎ ከፋይ ሆንን። ኡጋንዳ ውስጥ ሴልቴል በ1995 ሞባይል ሲጀምር የባለሀብት ዕቃ ነበር። በ1998 ኤምቲኤን ገባ፤ በቅድሚያ የሚከፈልበት ካርድም ተስፋፋ። ያ የሚፋቅ ካርድ ለእኛ ምን ማለት እንደነበር የዛሬ ልጆች አይገባቸውም። ዋስ አይጠይቅም፣ የቤት ቁጥር አይጠይቅም፣ አገርህንም አይጠይቅም። የፋቀው ይናገራል። አንድ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ወረቀት እንደማንኛውም ሰው እኩል የተስተናገደበት ቦታ ቢኖር የካርድ ሱቅ ነበር።

ኩባንያዎቹ ግን በሂሳቡ ይጫወቱ ነበር። ኬንያ ውስጥ በ2000 ኬንሴልና ሳፋሪኮም ፊት ለፊት ሲገጥሙ፣ ኬንሴል የሚያስከፍለው በደቂቃ ነበር። 65 ሰከንድ ካወራህ የሁለት ደቂቃ ትከፍላለህ። ሳፋሪኮም በሰከንድ ማስከፈል ጀመረ። ለባለሀብቱ ልዩነቱ ኢምንት ነው። «ደርሻለሁ፣ አትስጉ» ብሎ ለሚዘጋ ድሃ ግን ትልቅ ነገር ነው። ሳፋሪኮም የኬንያን ገበያ የያዘበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የድሃን ሰከንድ ያከበረ ኩባንያ ከበረበት።

የቀረውን ያስተማርናቸው እኛው ነን። ሚስኮልን አስቡት። እኛ ሚስኮል እንላለን፣ እዚህ ቢፕ ይሉታል፣ ኬንያዎች ፍላሽ። አንድ ጊዜ ከጠራ ደርሻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ከጠራ ደውልልኝ። ሳንቲም ሳይወጣ መልእክት ይደርሳል። ኩባንያዎቹ ኔትወርኩን በነፃ እንደተጠቀምንበት ሲያዩ ቆይተው ራሳቸው «እባክህ ደውልልኝ» የሚል ነፃ መልእክት አወጡ።

የሞባይል ገንዘብም እንዲሁ ነው። ኤም-ፔሳ ከመምጣቱ በፊት ኡጋንዳ ውስጥ ሰው ካርድ ገዝቶ፣ ፍቆ፣ ቁጥሩን በስልክ ለገጠር ዘመዱ ሰፈር ባለሱቅ ያነብ ነበር። ባለሱቁ ካርዱን ለራሱ ሞልቶ ድርሻውን ያስቀርና ጥሬ ገንዘቡን ለዘመድየው ይሰጣል። በ2005 ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮምና ቮዳፎን በእንግሊዝ መንግሥት የልማት ገንዘብ ድጋፍ ኤም-ፔሳን ሲሞክሩ ዓላማው ሰዎች የአነስተኛ ብድር ክፍያቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ተሞካሪዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። ኩባንያው አየና አገልግሎቱን በዚያው ቀረጸው። በመጋቢት 2007 ለሕዝብ ሲከፈት ዋና ሥራው ገንዘብ ወደ ቤተሰብ መላክ ሆነ። ኤምቲኤን በ2009 ኡጋንዳ ላይ ተከተለ።

በ2006 ደግሞ ሴልቴል የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን መስመሮች አገናኝቶ፣ ደንበኛው ድንበር ሲሻገር የሮሚንግ ክፍያ እንዳይኖርበት አደረገ። ድንበሩ ለእኛ ሳይከፈት ለስልካችን ተከፈተ።

በዚያው ዘመን አገራችን ሌላ መንገድ ላይ ነበረች። ሞባይል በ1999 አዲስ አበባ ላይ ቢጀምርም ሻጩ አንድ፣ እሱም መንግሥት ነበር። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2007 ቆየ። በኅዳር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በከፊል ተመልሶ እንደገና ጠፋ፤ በደንብ መመለስ የጀመረው ከ2022ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ነው። በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ከእኛ መካከል ወላጆቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ ወራት የቆየ ስንት ሰው አለ? «የደወሉላቸው ደንበኛ ሊያገኟቸው አይችሉም» የምትለውን ድምፅ እንደ ጸሎት በየቀኑ የሰማን እኛ ነን። ደንበኛ ትለናለች፣ ግን ማን እንደዘጋውና መቼ እንደሚከፈት አትነግረንም።

ሻጩ ሁለት ሲሆን ነገሩ ይስተካከላል የሚል ተስፋ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዝቶ በ2022 አገልግሎት ጀመረ። ለደንበኛው ምርጫ መጣለት፤ ጥሩ ነው። ግን እዚህ ኡጋንዳ ብዙ የግል ኩባንያ እያለ በጥር 2021 በምርጫው ሰሞን ኢንተርኔት በሙሉ ሲዘጋ አይተናል። ትእዛዙ ከተቆጣጣሪው መጣ፣ ሁሉም ዘጉ። ፉክክር ሰከንዱን ያረክሳል እንጂ ማብሪያ ማጥፊያውን ከመንግሥት እጅ አያወጣም።

በመጨረሻ ተመዝጋቢ ሆንን። የተማሪዬ እናት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከ2010 ወዲህ በወንጀልና በጸጥታ ምክንያት የሲም ምዝገባ አካባቢውን አዳረሰው። ኬንያ በ2012 መጨረሻ ያልተመዘገበውን መዝጋት ጀመረች። ኡጋንዳ በ2012 ምዝገባ ጀምራ በ2017 በብሔራዊ መታወቂያ እንዲረጋገጥ አዘዘች። ካርዱን የሚፍቀው እጅ ብቻውን አልበቃም፤ ስም ያስፈልጋል። የስደተኛ ካርድ ያላቸው የተወሰኑ ነበሩ፤ የብዙዎቻችን ግን ገና በሂደት ላይ ነበር። ስለዚህ ስም ተበደርን። ከጎረቤት፣ ከአከራይ፣ ከቦዳ ሹፌር፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ ከሚሸጥ ከማያውቀው ሰው።

ክፋቱ፣ ይህ የሆነው ስልኩ ቦርሳ በሆነበት ዘመን ነው። በ2015 ካኩማ ካምፕ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከራሽኑ ከፊሉን «ባምባ ቻኩላ» ብሎ በስልክ መስመር መስጠት ጀመረ። እዚህም ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ከውጭ የሚመጣ ርዳታ ሁሉ በዚያው ይገባል። በሰው ስም የወጣ ሲም ማለት ቁልፉ በሰው ኪስ ያለ ቤት ማለት ነው።

የኩባንያውን ሠራተኛ አልወቅስም። ቁጥሬ ነው ላለ ሁሉ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ስልኩን የሰረቀው ሌባም ሄዶ ይወስደው ነበር። ደንቡ ሌባን ይከለክላል፤ ሲጻፍ ግን እኛን ያሰበን አልነበረም።

ደንብ ግን ይቀየራል። በነሐሴ 2019 የኡጋንዳ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የስደተኛ መታወቂያ ያልደረሰው ስደተኛ ኦፒኤም በሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሲም ማውጣት እንዲችል ፈቀደ። ኩባንያዎቹ አዝነውልን አልነበረም። የስደተኞች ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር)፣ ድርጅቶችና ስደተኞቹ ራሳቸው ጉዳዩን ደጋግመው ስላነሱ ነው። የካርዱ፣ የሰከንዱ፣ የሚስኮሉ ታሪክ የሚያሳየውም ይኸው ነው። ኩባንያ የሚያየው የሚቆጥረውን ነው። በስማችን ካልተቆጠርን፣ ብንከፍልም የለንም። ብዙዎቻችን ግን በሩ ከተከፈተ በኋላም በተበደርነው ስም እንኖራለን፣ «እየሠራ ነው፣ ምን አስቸኮለኝ» እያልን።

ስለዚህ ልለምናችሁ።

ዛሬውኑ መስመራችሁ በማን ስም እንደሆነ አረጋግጡ። ጓደኛችሁ ትንሽ ገንዘብ ሲልክላችሁ የሚወጣለትን ስም ጠይቁት።

የሰው ስም ከሆነና ሰውየው አጠገባችሁ ካለ፣ አብራችሁ ሄዳችሁ አዛውሩ። ከሌለ በራሳችሁ ወረቀት አዲስ መስመር አውጡ፤ አሮጌው እየሠራ ሳለ ገንዘቡን አሻግሩ፣ አዲሱን ቁጥር ለዘመድ ሁሉ አሳውቁ።

በራሳችሁም ስም ለማታውቁት ሰው ሲም አታውጡ። በዚያ ቁጥር ወንጀል ቢሠራ መጀመሪያ የሚፈለገው ባለስሙ ነው።

ሁለተኛ መስመር ካላችሁ አልፎ አልፎ ካርድ ሙሉበት። ለወራት ዝም ያለ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሰጣል።

አገር ቤትና ዓረብ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የሚወጣው ስም የማን እንደሆነ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም።

እናትየዋ አሁን የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው በራሳቸው ስም አዲስ መስመር አውጥተዋል። አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ሠራተኛዋ ፎቶ አንስታ፣ ስማቸውን ጮክ ብላ አንብባ «ትክክል ነው?» ስትላቸው ለአፍታ ዝም አሉ፣ ከዚያ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። የአሮጌው መስመር ገንዘብ ግን እስካሁን አልተገኘም። ጎረቤትየውን በሰው በሰው እያፈላለግነው ነው። የልጅቷን ክፍያ ትምህርት ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሷል።

እናንተስ መስመራችሁ በማን ስም ነው? ከታች ጻፉልኝ፤ ስም ማዛወር ያቃተው ካለ አብረን እንሄዳለን። ላልሰሙት አሰሙልኝ።