ዶሮና በርበሬ በመርካቶ፤ ከነአጥንቱ ስለሚሠራው ወጥ የተደረገ አጭር ምርመራ

የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንጂ ስለ ድስት አይጽፍም የሚል አስተሳሰብ በተማሪዎች ዘንድ ገና አልጠፋም። ይሁን እንጂ ባልንጀሮቼ ስለ አገራቸው ጥንታዊነት ሲከራከሩ ከአክሱም ሐውልትና ከላሊበላ ቀጥሎ የሚጠሩት ማስረጃ ብዙ ጊዜ ዶሮ ወጥ ነው። «ይህ ወጥ ከንግሥተ ሳባ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው» ሲባል ደጋግሜ ስለ ሰማሁ፣ ነገሩ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር አሰብኩ። ምርመራዬንም የጀመርኩት ዕቃው ሁሉ ተሰብስቦ ከሚገኝበት ከአዲስ ከተማ፣ ማለትም ከመርካቶ ነው።

መርካቶ ራሱ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ቀድሞ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም ነበር። ኢጣልያኖች በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር ፕላን ነደፉ፤ በዚህም መሠረት አራዳን ለራሳቸው አድርገው የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት። «መርካቶ» የሚለውም ቃል በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ገበያው ከነስሙ ቀረ፤ ከዚያም በኋላ ያስፋፉት ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ነጋዴዎች፣ ይልቁንም ጉራጌዎች ናቸው። እንግዲህ ሕዝቡን ለመለየት የተከለለው ሥፍራ የሕዝቡ ሁሉ መገናኛ ሆነ።

ዶሮ በመርካቶ ከነነፍሷ ትሸጣለች። ገዢው እግሯ እንደ ታሰረ አንሥቶ በእጁ ይመዝናታል፤ ከክንፏ ሥር እጁን አግብቶ ደረቷን ይዳስሳል፤ የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ሾሎ ከተሰማው ከሲታ ናት ብሎ ይመልሳታል። ቀዩን፣ ገብስማውንና ወሰራውን እያማረጠ በዋጋ ይከራከራል። የሐበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ ልዩነትም ትልቅ ነገር ነው። የፈረንጁ ሥጋው ይበዛል፤ ነገር ግን ወጡ ሳይበስል ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል ብለው ባለሙያ ሴቶች ይነቅፉታል። የሐበሻው ትንሽና ጠንካራ ስለ ሆነ ረጅሙን እሳት ይችላል።

ከነነፍሷ መሸጧ ለትኩስነት ብቻ አይደለም። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም፣ ሙስሊሙ «ቢስሚላሂ» ብሎ ያረደውን እንጂ አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም። የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በሚቀራረቡበት ገበያ ውስጥ የታረደ ዶሮ የሚሸጥ ነጋዴ ግማሹን ገዢ ያጣል፤ ያልታረደችው ግን የሁሉ ናት። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን አዳሪ ቤት ይህ ችግር የሚፈታው በምስር ነበር፤ በአንድ ገበታ የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች ስለምንቀመጥ ሥጋ የምናየው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። መርካቶ የደረሰበት ዘዴ ከእኛ አዳሪ ቤት ዘዴ ይሻላል።

አሁን ወደ ብልቱ ልምጣ፤ የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነውና። ዶሮዋ ታርዳ፣ በፈላ ውሃ ተነክራ ከተነጨችና በእሳት ከተለበለበች በኋላ በ12 ብልት ትከፈላለች። ፈረሰኛ፣ መላላጫ፣ ታፋ፣ ቅልጥም፣ ክንፍ፣ አንገት እያለ እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። ቢላው የሚገባው በመገጣጠሚያው ላይ ነው፤ አጥንት መስበር የሙያ ጉድለት ይባላል፤ ስባሪው ወጡ ውስጥ ገብቶ የሰው ጉሮሮ ይወጋልና። ከዚያም ብልቱ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለከበረ እንግዳ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ቢቀርብ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ የማን ድርሻ የትኛው እንደ ሆነ የሚያስታውቀው አጥንቱ ነው። በሌላ አነጋገር ገበታው የቤተሰቡን ማዕርግ የሚያሳይ ሰነድ ነው ማለት ይቻላል። ቁጥሩን ከ12ቱ ሐዋርያት ጋራ የሚያያይዙ አሉ፤ እኔ ግን ይህ ትርጓሜ ከቁጥሩ በኋላ የመጣ ይመስለኛል።

ስለ ዶሮዋ ጥንታዊነት ባልንጀሮቼ ከሞላ ጎደል ትክክል ናቸው። በትግራይ መዝበር በሚባል ሥፍራ በተደረገ ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ገደማ የሚገመት የዶሮ አጥንት ተገኝቷል፤ ይህም በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ወጥቷል። የዶሮ ወገን መነሻው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ስለ ሆነ እነዚያ ዶሮዎች ወደ እኛ የደረሱት በንግድ መንገድ ነው።

በበርበሬው ላይ ግን ክርክሩን ይሸነፋሉ። በመርካቶ በርበሬ ተራ ገብቶ የዛላውን ክምር ያየ፣ ያነጠሰም፣ ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ የእኛ አልነበረም ቢሉት አያምንም። ነጋዴው «ማረቆ ነው» ብሎ አገሩን ይጠራል፤ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ይመዝናል። ሆኖም ቀዩ በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በእስያም ሆነ በአውሮፓ ወይም በአፍሪካ የቀመሰው ሰው አልነበረም። ፖርቱጋሎች ወደ ህንድ ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ በቀይ ባሕርና በህንድ ውቅያኖስ ንግድ ተሠራጨ። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ይዘውት ከመጡት ዕቃ መካከል በርበሬ ነበረበት፤ ያ ግን ቁንዶ በርበሬ ነው። አንድ ስም ለሁለት ተክል ማገልገሉ ብዙ አንባቢ አሳስቷል። እንግዲህ ንግሥተ ሳባ ዶሮ በልታ ይሆናል፤ ቀይ ወጥ ግን አልበላችም። ከቅመሙ ውስጥ በእርግጥ የዚህ አገር ተወላጅ የሆነው በደቡብ ምዕራብ ደን የሚበቅለው ኮረሪማ ነው። ሽንኩርቱም ቢሆን የቀድሞው ትንሹ የሐበሻ ሽንኩርት ነበር፤ ዛሬ ገበያውን የሞላው ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ከነስሙ «ቦምቤይ ሬድ» የሚባል ዘር አለበት።

ይህ ዕጣ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ ከካናዳ ምሥራቅ ያባረሯቸው አካድያውያን የሚባሉ ፈረንሳዮች ሉዊዚያና ወደሚባለው ረግረጋማ አገር ገብተው «ካጀን» ተባሉ። በዚያም ያገኙትን ሁሉ፣ የአዞ ወገን የሆነውን አሊጌተር ሳይቀር፣ ከነአጥንቱ በሽንኩርትና በቀይ በርበሬ እየቀቀሉ በሉ። እኛ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አዞ ሞልቶ ሳለ ኦሪት የሚሳበውን ስለምትከለክል አንነካውም፤ የአርባ ምንጩ የአዞ እርባታም የተቋቋመው ለቆዳው ነው። የእነርሱ ካየንና የእኛ በርበሬ ግን የአንድ ተክል ልጆች ናቸው። ልዩነቱ በድስቱ ሥር ነው። ካጀኖች ብዙውን ጊዜ ዱቄት በስብ አጥቁረው መረቁን ያወፍሩበታል። የእኛ ሴቶች ዱቄት አያገቡም፤ ደቆ የተከተፈው ሽንኩርት በመጀመሪያ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ በደረቁ ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ጠብ ጠብ እያለ ውሃ ይጨመራል፣ ከዚያ ንጥር ቅቤው ይከተላል። ሽንኩርቱ እስኪጠፋ ድረስ ሰዓታት ይወስዳል። ብልቱ የሚገባው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነው፤ አጥንቱም ቅባቱን እየለቀቀ መረቁን ያወፍረዋል። በመጨረሻ መከለሻውና የተቀቀለው ዕንቁላል ይገባሉ። ዶሮዋ ከእስያ፣ በርበሬው ከአሜሪካ መጥተው ሳለ የእኛ የሆነው ይህ ቁሌትና ያ የብልት አከፋፈል ነው፤ ከዕቃው ይልቅ አሠራሩን «የእኛ» ብለን ብንከራከር ማንም አይረታንም።

ይህን የምለው ሥርዓቱ አሁን በመለወጥ ላይ ስላለ ነው። ከቢሾፍቱ አካባቢ እርባታዎች በበረዶ ደርቆ ወደ ከተማው መደብሮች የሚመጣው ዶሮ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ነው፤ ተቆርጦ ሲመጣም መኪናው መገጣጠሚያ አይፈልግም፣ አጥንቱን ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያ ውስጥ ፈረሰኛን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ደግሞም ማን፣ በምን ስም እንዳረደው ገዢው የሚያውቀው በወረቀቱ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። በሌላ በኩል በበዓል ዋዜማ ዶሮውን በገዢው ፊት የሚያርዱ ወጣቶችና አጥበው ብልት እያወጡ በክፍያ የሚያስረክቡ ሴቶች አሉ። በፋሲካ ዋዜማ በመርካቶ ዳር ያየኋት አንዲት እናት ገንዘቡን ከመክፈሏ በፊት ሣህኑን አስቀምጣ ብልቱን በስም በስሙ እየጠራች ቆጠረች፤ 11 ሆኖ ስላገኘችው አንገቱ እስኪመጣላት ድረስ አልተነሣችም።