የአንድ ቀን ፈቃድ፦ የጃፓን ጭራቆች፣ አድናቂ ቀራፂዎቻቸውና ሕግ

የአንድ ሕዝብ ኪነ ጥበብ ከደረሰበት መከራ ተነጥሎ አይታይም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን የተፈጠሩት የፊልም ጭራቆች ለዚህ ጥሩ ምስክሮች ናቸው። ማርች 1 ቀን 1954 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በቢኪኒ ደሴቶች፣ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። ከያይዙ ወደብ ለቱና ዓሣ አጥመዳ በወጣችው «ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ» በተባለች ጀልባና በ23 ሠራተኞቿ ላይ መርዘኛ አመድ ዘነበባቸው። የጀልባዋ የራዲዮ ሠራተኛ አይኪቺ ኩቦያማ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 23 ቀን ሞተ። የሂሮሺማና የናጋሳኪ ቁስል ገና ባልሻረበት በዚያ ወቅት፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1954፣ ቶሆ የተባለው የፊልም ኩባንያ «ጎጂራ»ን ለሕዝብ አቀረበ።

የፊልሙ አዘጋጅ ኢሺሮ ሆንዳ፣ የልዩ ትርኢቱ ጠቢብ ኤይጂ ትሱቡራያ ነበሩ። የጭራቁን አካል የቀረፀው ቴይዞ ቶሺሚትሱ ሲሆን፣ ከውስጥ ገብቶ ከተማ የሚያፈርሰውም ከባድ የጎማ ልብስ የለበሰ ተዋናይ ነበር። «ጎጂራ» የሚለው ስም ጎሪላንና በጃፓንኛ ዓሣ ነባሪ ማለት የሆነውን «ኩጂራ»ን አዳቅሎ የተሠራ ነው። ዓለም በኋላ «ጎዲዚላ» ብሎ የሚያውቀው ይኸው ፍጡር ነው። እንግዲህ ከመነሻው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጭራቁ የተወለደው ከሕዝብ ስጋትና ሐዘን ነው፤ አካል የሰጡት በስም የሚታወቁ ጠበብት ናቸው፤ በሕግ ግን የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው። የዚህ የሦስትዮሽ ግንኙነት ታሪክ ጎልቶ የሚታየው በፊልሙ ሳይሆን፣ አድናቂዎች በገዛ እጃቸው በሠሯቸው ትናንሽ ምስሎች ላይ ነው።

በ1966 «አልትራማን» የተሰኘው ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ በጃፓን «ካይጁ» የሚባሉት ጭራቆች የሕፃናት ሁሉ መነጋገሪያ ሆኑ። በዚያው ዓመት ማሩሳን የተባለ የአሻንጉሊት አምራች ከለስላሳ ቪኒል የተሠሩ ጭራቆችን ለገበያ አቀረበ። አሻንጉሊቶቹ ክብ ክብ ያሉ፣ ደማቅ ቀለም የተቀቡ፣ ለልጅ እጅ የሚመቹ ነበሩ። ይሁንና ያ ትውልድ ሲያድግ ዓይኑም አብሮ አደገ። በፊልሙ ላይ የሚታየውን የቆዳ ሸካራነት፣ የጀርባውን ቅርፊት አደራደር፣ የአቋሙን ክብደት በምስሉም ላይ ማየት ፈለገ። ፋብሪካው ግን ይህን ሊያሟላለት አልቻለም። ከብረት የሚፈለፈል የፋብሪካ ፎርማ እጅግ ውድ በመሆኑ፣ ወጪውን ለመመለስ በሺህ የሚቆጠር ምርት መሸጥ ነበረበት። ጥቂቶች ብቻ የሚሹትን ምስል ማምረት ኪሣራ ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወጣቶቹ ሥራውን ራሳቸው ያዙት። የሥራ ቦታቸው መኝታ ቤት፣ ጓዳ ወይም የመኪና ማቆሚያ ስለነበር፣ የሠሩት ምስል «ጋራዥ ኪት» የሚል ስም ወጣለት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀራፂው በመጀመሪያ ናሙናውን ከጭቃ ወይም ከሚጠነክር ማቡኪያ ይቀርፃል። በላዩ ላይ ፈሳሽ የሲሊኮን ጎማ አፍስሶ በሁለት ክፍል የሚከፈት ፎርማ ያወጣል። ከዚያ ሁለት ፈሳሾችን በማደባለቅ የሚገኘውን ሬዚን የተባለ ፕላስቲክ ይሞላበታል፤ ሬዚኑም በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ገዢው የሚረከበው ያለቀለት ምስል አይደለም። የተበታተነውን አካል አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ የሚጨርሰው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ጥበብ ሰብሳቢው በከፊል ሠሪም ነው።

የምስሎቹ ቁጥር ለምን ጥቂት እንደሆነ የሚያስረዳውም ይኸው አሠራር ነው። የሲሊኮኑ ፎርማ ጥቂት አሥር ቅጂዎች ከወጡበት በኋላ ይቀደዳል፣ ይሻክራል። የቅጂዎቹን ቁጥር የወሰነው በመጀመሪያ የቁሱ ዕድሜ ነው፤ ቀጥሎ ግን ሕግ መጣ።

በኦሳካ ከተማ በ1982 የተከፈተው ጄኔራል ፕሮዳክትስ የተባለ ሱቅ የእነዚህን ወጣት ቀራፂዎች ሥራ ያሰባስብ ነበር። ከዚህ ሱቅ የተነሣው ዋንደር ፌስቲቫል የተባለው ትርኢትና ገበያ በጃንዋሪ 1985 በቶክዮ ተካሄደ። ከ1992 ጀምሮ አዘጋጅነቱን የተረከበው ካይዮዶ ነው። ይህም ድርጅት በ1964 በኦሳካ አካባቢ እንደ ትንሽ የሞዴል መሸጫ የጀመረ ነው። ትርኢቱ በየዓመቱ በክረምትና በበጋ ሁለት ጊዜ የሚደረግ ትልቅ ጉባዔ እስከመሆን ደረሰ።

የዚህ ትርኢት ትልቁ ፈጠራ ግን በጠረጴዛዎቹ ላይ ከተደረደሩት ምስሎች አንዱ አይደለም፤ «ቶጂትሱ ሃንኬን» የተባለው የአንድ ቀን የቅጂ መብት ፈቃድ ነው። የሌላ ሰው ፍጡር የሆነን ጭራቅ ቀርፆ ለመሸጥ የሚሻ አድናቂ ከወራት በፊት በአዘጋጁ በኩል ለባለመብቱ ማመልከቻ ያቀርባል። የምስሉን ፎቶግራፍ ወይም ናሙና፣ የሚያወጣውን ብዛትና ዋጋውን ያስታውቃል። ባለመብቱ ከተስማማ የተወሰነ ክፍያ ተቀብሎ ይፈቅዳል፤ ካልተስማማ ይከለክላል። ፈቃዱ የሚጸናው በዚያ ቀንና በዚያ አዳራሽ ብቻ ነው። አዳራሹ ሲዘጋ ያልተሸጠው ምስል ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይመለሳል። ቀራፂው በማግስቱ ያንኑ ምስል ቢሸጥ ሕግ ይጥሳል። እንደገና ለመሸጥ እንደገና ማመልከት ይኖርበታል።

ይህ ሥርዓት ለቀራፂው ጠባብ በር ነው። ለሰብሳቢው ግን የሚሰጠው ጥቅም ከአንድ ቀን በእጅጉ ይረዝማል። በጃፓን ሕግ ባለመብቱ ፈቅዶ አንዴ የተሸጠ ቅጂ ከዚያ ወዲያ ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ይችላል። ፈቃዱ በዕለቱ ይሞታል፤ በዕለቱ የተሸጠው ምስል ሕጋዊነት ግን አብሮ አይሞትም። ያለፈቃድ የተሠራው ምስል የዚህ ተቃራኒ ነው። ዓመታት ቢያልፉም፣ በብዙ እጅ ቢዞርም፣ ከመነሻው የጎደለውን ፈቃድ አያገኝም። ሁለቱ ምስሎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ ዓይን ላይለያቸው ይችላል፤ ሕግ ግን ይለያቸዋል።

ሰብሳቢው ይህን ልዩነት የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ፣ ለመሸጥ ወይም ከውጭ ለማስመጣት ሲነሣ ነው። በጃፓን አንድ ሰው ያለፈቃድ የተሠራ ምስል ገዝቶ በቤቱ ቢያስቀምጥ በዚህ ብቻ አይቀጣም። ለሕዝብ ሲሸጠው ወይም የመብት ጥሰት መሆኑን እያወቀ ለመሸጥ ሲያከማቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። የቅጂ መብትን ሆን ብሎ መጣስ እስከ 10 ዓመት እስራት፣ እስከ 10 ሚሊዮን የን መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል ይችላል። ከኦክቶበር 2022 ወዲህ ደግሞ የንግድ ምልክትን ወይም የዲዛይን መብትን የሚጥስ ዕቃ ከውጭ አገር ነጋዴ በፖስታ ሲመጣ፣ ተቀባዩ ለግሌ ነው ቢልም የጃፓን ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል።

ምስሎቹ ብዙ ወዳጆች ባፈሩባት በአሜሪካም አደጋው አይቀልም። በዚያ አገር ሕግ ገዢ የገዛውን ቅጂ መልሶ የመሸጥ ነፃነት የሚኖረው፣ ቅጂው ሲጀመር በሕጋዊ መንገድ የተሠራ ከሆነ ነው። መብቱን በወቅቱ ያስመዘገበ ባለመብት የደረሰበትን ጉዳት በቁጥር ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአንድ የፈጠራ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ጥፋቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነም እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ሊፈረድለት ይችላል። ቶሆ የጭራቁን ስም በንቃት እንደሚጠብቅም የፍርድ ቤት መዛግብት ያሳያሉ። በ1981 በአንድ የቆሻሻ ከረጢት ስም ምክንያት ከሲርስ ኩባንያ ጋር ተካሶ ተረታ፤ በ1998 ግን ስለ ጎዲዚላ ያለፈቃድ በታተመ መጽሐፍ ላይ የእግድ ትእዛዝ አገኘ።

እንዲህም ሆኖ ብዙ ምስሎች ያለፈቃድ ተሠርተው፣ ተሸጠውና ተሰብስበው ማንም ሳይጠይቃቸው ኖረዋል። ምክንያቱ በጃፓን የቅጂ መብት ጥሰት በአመዛኙ ባለመብቱ ካላመለከተ የማይከሰስ መሆኑ ነው። በ2018 መጨረሻ ሕጉ ተሻሽሎ አንዳንድ ጥሰቶች ያለአቤቱታም እንዲከሰሱ ሲደረግ፣ የተነጣጠረው ሥራን እንዳለ ገልብጠው በሚቸበችቡት ላይ እንጂ የራሳቸውን ፈጠራ በሚያክሉት አድናቂዎች ላይ አልነበረም። ይህ ትዕግሥት ለጥበቡ ማበብ ረድቷል። ሆኖም የባለመብት ዝምታ ፈቃድ አይደለም። ዛሬ ዝም ያለ ነገ ሊናገር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰብሳቢው በዝምታው ሊከራከር አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ኩባንያው ሳይሆን ቀራፂው ነው። አንድ ሰው አንድ ጋራዥ ኪት ይገዛል፤ በላዩ ላይ አዲስ ፎርማ ያወጣል፤ ከዚያ እያባዛ በርካሽ ይሸጣል። የተባዛው ምስል ከናሙናው ጥቂት ያነሰ፣ የቆዳው ጭረት የደበዘዘ ይሆናል፤ የወራት ድካም ግን በቀናት ተሰርቋል። ያለፈቃድ የሠራ ቀራፂ ራሱ በሌላው መብት ላይ ስለቆመ አቤት ለማለት አንደበቱ ይተሳሰራል። በአሜሪካ ሕግ ከሌላው ሥራ ያለፈቃድ የተወሰደው ነገር ላረፈበት ክፍል ጥበቃ አይሰጠውም። በጃፓን ግን የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2020 በሰጠው ፍርድ፣ ከሌሎች ሥራ ተነሥቶ የአድናቂ ሥዕላዊ ታሪክ የሠራ ሰው፣ ሥራውን ያለፈቃድ ካሰራጨበት ወገን ካሳ ሊጠይቅ እንደሚችል ተቀብሏል። ጉዳዩ የቅርፃ ቅርፅ አልነበረም። ቢሆንም አድናቂው በሌላው ፍጡር ላይ ያከለው የእጁ ሥራ ዋጋ እንዳለው ፍርድ ቤት መስክሮለታል።

ስለዚህ የሰብሳቢው ኃላፊነት ከገንዘቡ አይበልጥም ማለት ስሕተት ነው። ምስሉን ማን ቀረፀው? በየትኛው ትርኢት ተሸጠ? ፈቃዱን የሚያሳይ ማስረጃ አለው? ብሎ መጠየቅ ራስን ከክስ ከማዳን ባሻገር የሠሪውን ስም ከምስሉ ጋር አብሮ ማኖር ነው። የቶሺሚትሱ ስም ዛሬ የሚታወቀው የፊልሙ ታሪክ ስለመዘገበው ነው። በጓዳው ሬዚን ሲያፈስ ያደረው ቀራፂ እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ሠላሳ ቅጂ ብቻ ከወጣለት ሥራው ጋር ስሙን ሊያቆይለት የሚችለው፣ ሳጥኑንና የፈቃዱን ወረቀት ሳይጥል ከምስሉ ጋር ያስቀመጠው ሰብሳቢ ነው።