የጽንስ አልኮል ጉዳት

እርጉዝ ሴት የጠጣችው አልኮል በልጇ አካልና አንጎል ላይ የሚያደርሰው ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት በእንግሊዝኛ «ፌታል አልኮል ስፔክትረም ዲስኦርደር» ይባላል። ከትምህርት መድከም አንሥቶ እስከ ከባድ የአካል ጉዳት የሚደርስ ነው፤ የከፋው መልኩ «ፌታል አልኮል ሲንድረም» ነው። በአማርኛ «የጽንስ አልኮል ጉዳት» ብንለው ይበቃል። «በሽታ» ያላልኩት ታክሞ የሚለቅ ስላልሆነ ነው። «ጽንስ»ም ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይመጥናል፤ «ፌታል» የሚባለው ጽንሱ ስምንት ሳምንት ካለፈው በኋላ ሲሆን፣ ፊትን የሚያበላሸው ጉዳት ግን እናትየው ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ በሦስተኛው ሳምንት ሊጀምር ይችላል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሌሟን በ1968 እ.ኤ.አ. ከጠጪ ወላጆች ስለተወለዱ 127 ልጆች ጻፈ፤ ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1973 ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ ሲያትል ለጉዳቱ ስም አወጡለት።

አልኮል በእንግዴ ልጅ አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል። የጽንሱ ጉበት ገና ስላልጠና በቅጡ አያጣራውም፤ በእንሽርት ውሃው ውስጥም ይቆያል። የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ፣ ወይም ከቦታቸው ውጭ ይሰፍራሉ፤ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ጅማትም ሊሳሳ ይችላል። በአንዳንዱ ልጅ ከአፍንጫው በታች ያለው ስርጉድ ለጥ ይላል፣ የላይኛው ከንፈሩ ይሳሳል። በብዙዎቹ ፊት ግን ምንም አይታይም፤ የሚታየው ጠባያቸው ነው። ልጁ ትናንት የተቀጣበትን ዛሬ ይደግማል፣ የተነገረውን ይረሳል፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ቤተሰቡ «ቀልበ ቢስ»፣ መምህሩ «ረባሽ» ይለዋል።

በደቡብ ጎንደር፣ ከዋንዛዬ ፍል ውሃ እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም እስከ ጉና ተራራ ግርጌ፣ ጠላ መጠጥ ብቻ አይደለም። ደቦው፣ ማኅበሩ፣ ክርስትናው ያለ እርሱ አይሆንም፤ ጠማቂዋና ቀማሿም ነፍሰ ጡሯ ራሷ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለችዋን እናት በእርግዝና ክትትል «አልኮል ትጠጫለሽ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። «ኧረ እኔ!» ብትል አልዋሸችም፤ አልኮል ለእርሷ ቢራና አረቄ ነው። «ጠላ ትቀምሻለሽ? ቅራሪስ?» መባል አለበት። ቅራሪው ቢቀጥንም በእርግዝና ጊዜ ጉዳት አያደርስም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን የለም።

መጠጡን በሰባተኛው ወር ማቆምም ቢሆን ይጠቅማል፤ የጽንሱ አንጎል እስከሚወለድበት ቀን ድረስ ማደጉን አያቋርጥምና።